በትርንጎ ስም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ትንሽ ኃጢአት ነግሬአቸው ተመለስሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። እኔ በሞተች ጓደኛዬ ስም ቪዛ ወስጄ፣ በእሷ ፓስፖርት ባሕር ተሻግሬ፣ ሁለት ዓመት እሷን ሆኜ የኖርሁ ሰው ነኝ። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ተናግሬው ነበር።

ትርንጎ የዘጌ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፤ በልጅነቷ ሞተውባት እናቷ ብቻቸውን አሳደጓት። እኔ የባሕር ዳር የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ አብረን ተማርን፤ ስንመረቅም እዚያው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። ቁመታችን፣ ግንባራችን፣ የጥርሳችን አቀማመጥ ሳይቀር ይመሳሰል ነበር። አከራያችን “መንቶቹ” ነበር የሚሉን።

ሁለታችንም ለነጻ የትምህርት ዕድል ወደ አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ አመለከትን። ለእሷ መጣ፤ ለእኔ ይቅርታ የሚል ኢሜይል መጣ። የእሷ የኤምባሲ ቀጠሮ ሲቃረብ እኔው አለማመድኋት። እኔ ቆንስል ሆኜ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ትመልሳለች።

“ለምንድን ነው ስለ ውኃ መማር የፈለግሽው?”

“ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው። እምቦጭ ሐይቃችንን እየዋጠው ነው። ተምሬ ወደ ሐይቄ እመለሳለሁ።”

ብላ ትስቃለች። መልሶቿን ሁሉ በቃሌ ያዝኋቸው።

ቀጠሮዋ ዐሥር ቀን ሲቀረው እናቷን ልትሰናበት ዘጌ ሄደች። ፓስፖርቷንና ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ። “ውኃ እንዳይነካብኝ አንቺ ጋ ይሁን” አለችኝ። ስትመለስ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ጀልባዋ ተገለበጠች። የሌሎቹ አስከሬን በማግስቱ ተገኘ። የእሷ አልተገኘም።

ለቅሶ ደረስሁ። እናቷን፣ እማማ ጥሩዬን፣ አቅፌ አለቀስሁ። ፓስፖርቱ ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልሁት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ልሰጣቸው ነበር የያዝሁት። እውነቴን ነው? ወይስ አሁን ነው እንዲህ የምለው? እጄ ቦርሳው ውስጥ ገባ፣ ላስቲኩን ነካ፣ ባዶውን ወጣ። እማማ ጥሩዬ፣ “አስከሬኗን ሳላይ ፍትሐት አይፈታላትም፤ እስከ አርባዋ እጠብቃታለሁ” አሉ። ቄሶቹም አልተከራከሯቸውም።

በቀጠሮዋ ቀን አዲስ አበባ፣ ኤምባሲው ደጃፍ ተሰልፌ ነበር። “ትርንጎ!” ተብሎ ሲጠራ ተነሣሁ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። ጣቶችሽን መስታወቱ ላይ አድርጊ አለችኝ፤ አደረግሁ። አሻራዬ በእሷ ስም ገባ። ከዚያ ለምን ስለ ውኃ መማር እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ።

“ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው” አልሁ። “ተምሬ ወደ ሐይቄ እመለሳለሁ።”

ይህን ስል ትርንጎ ሐይቁ ውስጥ ነበረች። ከአፌ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ በሩ አጠገብ ቆማ የምትስቀዋ ልጅ ድምፅ ነበር። አንገቴ ሥር እርጥብ ነገር የነካኝ መስሎኝ ዳበስሁት። ደረቅ ነው። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታችበት።

ፎርሙ ላይ ትርንጎ የአጎቷን ስልክ ጽፋ ኖሯል፤ ልብ አላልሁትም። እኔ ፓስፖርቱን ልቀበል እዚያው ስመላለስ፣ ዘጌ ባለው ስልክ ላይ መልእክት ገባ። “ትርንጎ፣ ፓስፖርትዎ ስለ ደረሰ መጥተው ይውሰዱ” ይላል። በሞተች በሃያ ሰባተኛው ቀን! አጎቷ፣ “ራሷ ካልቀረበች ቪዛ አይሰጥም፤ ልጅቱ አለች” ብሎ እየሮጠ ለእማማ ጥሩዬ ነገራቸው።

ባሕር ዳር ሻንጣዬን ልይዝ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ጠበቀኝ። ለቤተሰቤም ለአከራያችንም፣ ሌላ ዕድል ደርሶኝ ውጭ ልሄድ ነው ብያቸው ነበር። አከራያችን እጃቸውን እያጨበጨቡ በር ላይ ተቀበሉኝ።

“ሰማሽ ወይ? ትርንጎኮ አልሞተችም! በሌላ ጀልባ ወጥታ፣ እንዳያስቀሯት ፈርታ በስውር ሄዳ ኖሯል። እናቷ ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ለበሱ። ለአርባዋ የተጠመቀውን ጠላ በእልልታ ጠጡት አሉ። አንቺ ሳታውቂ ነው?”

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ፓስፖርቱ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን “እግዚአብሔር ይመስገን” አልሁ። በሦስተኛው ቀን ሄድሁ።

እዚያ አገር መምህሮቹም፣ አብረውኝ የሚኖሩትም ትርንጎ ይሉኛል። መጀመሪያ ስሙ ሲጠራ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር፤ ከእኔ ጀርባ የቆመች ይመስለኛል። ኋላ መዞሩን ተውሁት። የባሰብኝ ያኔ ነው።

በስድስተኛው ወር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። አጎቷ እዚያ አገር ያለ የሰፈራቸውን ሰው ጠይቆ፣ በስሟ አፈላልጎ ቁጥሬን አግኝቶ ነው። ሳይናገር ስልኩን ለእማማ ጥሩዬ ሰጣቸው።

“ትርንጎዬ? አንቺ ነሽ ልጄ? ብቻ አለሁ በይኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።”

መዝጋት እችል ነበር። እውነቱን መናገር እችል ነበር። ትርንጎ እናቷን “እታለም” ነበር የምትላቸው፤ ከእሷ በቀር ማንም እንዲህ አይጠራቸውም፤ እኔ ዐውቃለሁ። “አለሁ እታለም” አልሁ። “ደህና ነኝ። አታልቅሽ።” አለቀሱ። እኔ ዘጋሁ፤ ቁጥሬንም ቀየርሁ።

ዲግሪውን በስሟ ተቀብዬ ተመለስሁ። ለእኔ የማይሆን ወረቀት ነው። ባለፈው ጥቅምት ዘጌ ሄድሁ፤ በጀልባ አልደፈርሁም፣ በመኪና ዞሬ ነው። እማማ ጥሩዬ ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። በቤተ ክርስቲያንም ስሟ የሚነሣው ከሙታን ጋር ሳይሆን ከመንገደኞች ጋር እንደ ሆነ ነገሩኝ። ወደ ቤት አስገቡኝ፤ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ከፓስፖርቱ እስከ ስልኩ ሁሉንም ተናገርሁ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

“ጨረስሽ?”

“ጨረስሁ፣ እማማ።”

“ልጄ በዚህ ጆሮዬ አናግራኛለች። እታለም ብላኛለች። ላንቺ ዕድሉ አልወጣልሽም፤ ዐውቃለሁ፣ ነግራኝ ነበር። አዝናለችና ጸልዪላት ብላኝ ጸልዬልሽ ነበር። ቅናት አጥንት ይበላል ልጄ፤ ተይው።”

ፓስፖርቱን አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርሁላቸው፤ ዘወር ብለው አላዩትም። ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። ዐይኔን ጨፍኜ፣ በዚያው ድምፅ፣ “አለሁ እታለም። ደህና ነኝ። አታልቅሽ” አልኋቸው።

ስገልጥ ፊታቸው አመድ መስሏል። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሸሽተው አማተቡ።

“ድምጿንም ሰረቅሽ?” አሉኝ። “ውጪልኝ!”

ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይጠብቋታል።

እንግዲህ ይቅርታ ከማን ልለምን? ልጅነት ነው አልልም። ድህነት ነው አልልም። በለቅሶው ቤት ዐውቄ አደረግሁት፤ በመስኮቱ ፊት ዐውቄ አደረግሁት፤ በስልኩ ዐውቄ አደረግሁት። ለእኔ ምንም አትበሉልኝ።

ለእሷ ግን ነፍሷን ይማር ያለላት ሰው የለም፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁባት። በጸሎታችሁ አንሡልኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ፓስፖርቱ ላይ አልነበረም፤ እሱን አልወሰድሁባትም።