ረግረጉ ውስጥ የቀረው ቦንብ

ልጅ ሳለሁ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን አያቴ ነበሩ። የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን ፍሙን ከበን ኩርምት እንላለን። እሳቸው ጅቡን ያናግራሉ፣ ቀበሮዋን ያስቀድሳሉ። ጎረቤቱ ሁሉ «የእሳቸው ወሬ ጨው ይበዛበታል» ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ የምወደው ጨዉን ነበር።

ከተረቶቻቸው አንዱ የጣልያን አውሮፕላን የጣለው ቦንብ ነው። አያቴ ያኔ ልጅ ነበሩ። ከአርበኛ አጎታቸው እንደሰሙት፣ ቦንቡ አፍንጫው ላይ ትንሽ ማራገቢያ አለችው። ሲወርድ ነፋሱ እንደ እንዝርት ያሾራታል፤ ተፈትታ ስትወድቅ ቦንቡ ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ምት ብቻ ነው። እሳቸው አጠገብ የወደቀው ግን ረግረግ ውስጥ ሰምጦ ዝም አለ። ማራገቢያዋንም ዝንጀሮ አንስቶ ጣቱ ላይ አጠለቃት ብለው ያስቁን ነበር።

አንድ ክረምት አባቴ ረግረጉ ዳር ሲያርስ ማረሻው ተሰበረበት። የሰበረውን ብረት ቆፍሮ አወጣና ተሸክሞት መጣ። ዝገት የበላው፣ በአንድ ጎኑ ሾጠጥ ያለ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለ።

«የሰበረው ራሱ ይተካዋል። ነገ ማንኩሳ ወርጄ ለቀጥቃጩ እሰጠዋለሁ» አለ።

አያቴ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እሳት እንዳታሳየው ልጄ። ነቅቶ ነው ያለ።»

አባቴ ሳቀ። «ምነው አባየ፣ የልጆቹን ተረት ለእኔም ያመጡብኛል?»

ያን ማታ ታሪኩን እንደ አዲስ ነገሩት። ዝንጀሮም ሳቅም አልነበረበትም። የወደቁት ሁለት ነበሩ አሉ። ሁለተኛው ያረፈው ድንጋይ ላይ ነው፤ ታናሽ እህታቸው እዚያ ነበረች። እህት እንደነበረቻቸው አባቴም አያውቅም ነበር።

«ነገ ከሄድህ እኔም አብሬህ እመጣለሁ» አሉት። «ከወናፉ አጠገብ እቀመጣለሁ።»

አባቴ ብረቱ እንዳይነካ ከልክሎ ሁላችንንም ጎረቤት አሳደረን፤ ሲነጋም ማንኩሳን ትቶ ወደ ቀበሌ ሄደ። ወታደሮች ከፍኖተ ሰላም መጥተው ብረቱን ሊያፈነዱት ወደ ረግረጉ መለሱትና እኛን ከኮረብታው ማዶ አራቁን።

ሲፈነዳ መሬቱ ከእግራችን ስር ተንቀጠቀጠ። እኔ ፈርቼ አለቀስኩ። አባቴ ድፍት ብሎ የአያቴን ጉልበት ሳመ። እሳቸው ግን ወደ ጭሱ እያዩ «ይኸው፣ አሁን ወደቀ» አሉ።

ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ፍሙ ዳር እያሳቁን ያሳደጉን ሰው ያን ሁሉ ዘመን ያንን ድምፅ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የቦንቡን ተረት ነግረውን አያውቁም፤ እኛም ይንገሩን አላልናቸውም።