የሟቾች መድኃኒት የወረደበት ቦይ

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል፣ አልጋው ይታጠፋል፣ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚያስቸግረው መድኃኒቱ ነው። ለሌላ ሰው አይሰጡት፣ ነውር ነው፤ አይጥሉት፣ አንጀታቸው እምቢ ይላል፤ ቤት አያስቀምጡት፣ የሟች መድኃኒት ከከረመ ሌላ በሽተኛ ይጠራል ይላሉ። ስለዚህ አርባው እንደወጣ ከቤተሰቡ አንዱ በፌስታል ቋጥሮ ወደ እኔ ይመጣ ነበር።

እኔ የካ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ በምትገኝ አነስተኛ መድኃኒት ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ፌስታሉን ከሚያመጣው ሰው ጋር ብዙ ወሬ የለንም። «ነፍስ ይማር» እላለሁ። «አሜን፣ ያኑርሽ» ይላል። ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ይወጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ትከሻው ቀለል ሲል ከኋላው አይ ነበር፤ ማየቱም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሌላው ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ የእኔ ድርሻ ይሄ ነው ብዬ ወስጄው ነበር።

ፌስታሉ ውስጥ የስኳሩም፣ የደም ግፊቱም፣ የሚጥል በሽታውም ክኒን አለ። ከሁሉ የሚበዛው ግን ተጀምሮ ያልተጨረሰ አንቲባዮቲክ ነው። የእኛ ሰው ሲሻለው ያቆማል፣ ሳይሻለውም ያቆማል፣ የተረፈውን ለክፉ ቀን ብሎ ያስቀምጣል። የጎረቤታችን የእትዬን ባል ፌስታል አልረሳውም። እትዬ አፉን በነጠላ ጥለት ክር አስረውት ነበር። ክሩን በመቀስ መቁረጥ ከብዶኝ በጥርሴ ፈታሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ጋብ ሲል ሰማያዊዋን ባልዲ አወጣለሁ። ክኒኑን በሙቀጫ እወቅጣለሁ፣ ካፕሱሉን አንድ በአንድ እከፍታለሁ፣ ጊዜው ያለፈበትን የራሳችንንም መድኃኒት እጨምርበታለሁ፣ ሙቅ ውሃ ከልሼ በመጥረጊያ እንጨት አማስለዋለሁ። ውሃው አንዳንዴ ሮዝ፣ አንዳንዴ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ ሲንኩ ላይ ደፍቼ ቧንቧውን እለቅበታለሁ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት ፋርማሲስት «እንዳለ ከጣልሽው ነገ ከገንዳ ተለቅሞ ገበያ ይወጣል፤ አሟሚው» ብለውኛል። እውነታቸውን ነበር፤ እኛ የጣልነውን ካርቶን ሰው ሲጎረጉረው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው እንዳይመረዝ ብዬ ነበር ቅዳሜዬን የምገብረው።

የሲንኩ ቱቦ በግድግዳው ቀዳዳ ወጥቶ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ይገባል። ቦዩ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወንዙ ደግሞ ከእንጦጦ ተነስቶ በየቤቱ ጓሮ እያለፈ፣ ከመድኃኒት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ዝቅ ብሎ፣ በአባቴ ጎመን ሥር ያልፋል። ይህን መንገድ በየቀኑ በእግሬ እወርድበት ነበር። ውሃውም ከእኔ ጋር እንደሚወርድ አንድም ቀን አላሰብኩም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ቤት ተቀምጦ ድስት ሁሉ ሲከድንና ሲከፍት፣ ከእኔ ጋር ሲጨቃጨቅ ከረመ። መስከረም ሲጠባ አካፋ ይዞ ወንዙ ዳር ወረደና ያቺን ጭራሮ የሞላባትን ቁራጭ መሬት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አደረጋት። ጄሪካን ለሁለት ቆርጦ በእሱ እየቀዳ ያጠጣል። ወንዙ አረፋ ይዞ የወረደ ቀን «ዛሬ ቢራ ቀማምሶ ነው የመጣው» ይላል። ሲጠቁርም «ጋራዥ አድሮ ነው» ይላል። ጎመኑ ግን ያምር ነበር። ቅጠሉ እንደ ዝሆን ጆሮ ሰፊ። እየቆረጠ ለጎረቤት ያድላል፣ ሲሰጥም «ጎመን በጤና!» ይላል፣ ሁልጊዜ፣ ሳያስቀር። እኔን «ሐኪሜ» እያለ ይጠራኝ ነበር። «አንቺ በክኒን፣ እኔ በጎመን፤ ሰፈሩን ለሁለት ይዘነዋል» ይለኛል።

ከዚያ ልጅቷ መጣች። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ጉርድ ሾላ የምትኖር፣ በሁለት ታክሲ የምትመላለስ የሥራ ባልደረባዬ። በሦስተኛው ሳምንቷ ባልዲውን አየች።

«ሲንክ ላይ ነው እንዴ የሚደፉት?» አለችኝ።

«የት ልድፋው?»

«ሲሪየስሊ፣ ይሄ እኮ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። መድኃኒቱ እንዳለ ይወርዳል። ወንዙ ውስጥ ያሉት ጀርሞች በትንሽ በትንሹ እየቀመሱት ይላመዱታል። ከተላመዱት በኋላ ሰው ሲታመም አይሠራም።»

እኔ ደግሞ እንኳን ከልጅ፣ ከአለቃም ተግሣጽ አልወድም። «ያ ወንዝ የሰፈሩን ሽንት ቤት፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳሙና፣ የጋራዡን ዘይት ተሸክሞ ነው የሚሄደው» አልኳት። «የእኔ አንድ ባልዲ ምን ይጨምርበታል?»

ልጅቷ በማግሥቱ ካርቶን አምጥታ ጓዳ አስቀመጠች፤ ሲሞላ መድኃኒት በአግባቡ ወደሚቃጠልበት ቦታ እንዲላክ ተነጋግራ ጨርሳ ነበር። እሷ ባለችበት ቀን ካርቶኑ ውስጥ እጨምራለሁ። እሷ ቅዳሜ እረፍት ስትወጣ ግን ባልዲዋን አወጣለሁ። ካርቶን መዝግቡ፣ አሽጉ፣ ደውሉ ይላል፤ ባልዲ አፍ የለውም። ሳላውቅ የደፋሁትን እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚያሳድደኝ ከተነገረኝ በኋላ የደፋሁት ነው። ስንት ቅዳሜ እንደሆነ ብቆጥረው እችላለሁ። መቁጠር አልፈልግም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ አባቴ ሲቆፍር አካፋው ስቶ ቅልጥሙን ጫረው። ትንሽ ቁስል ነበረች። እሱ እንደ ልማዱ ወንዙ ውስጥ አለቅልቆ ሥራውን ቀጠለ። ማታ ሳየው ተቆጣሁ፣ አጠብኩት፣ ከመደርደሪያዬ አንቲባዮቲክ አመጣሁለት። አልተሻለውም። ሌላ ቀየርኩለት። እግሩ አበጠ፣ ቆዳው ሞቀ። «ሐኪሜ፣ መድኃኒትሽ እኔን አላወቀኝም መሰለኝ» እያለ ያሾፍብኛል። እኔም እስቃለሁ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር ነገሩ።

ሆስፒታል ወሰድኩት። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ። ወጣቱ ሐኪም የሙያ ጓደኛው እንደሆንኩ ስላወቀ ወረቀቱን ሰጠኝ። በግራ የመድኃኒቶች ስም ተደርድሯል፣ በቀኝ ጀርሙ የሚበገርለት ይሁን የማይበገርለት ምልክት አለ። አሞክሳሲሊን፣ አይሠራም። ዶክሲሳይክሊን፣ አይሠራም። ሲፕሮ፣ አይሠራም። ወደ ታች ማንበቤን ቀጠልኩ። የማነበው የላብራቶሪ ውጤት ነው፣ የማየው ግን ባልዲዬን ነው። ሮዙን ውሃ፣ ቢጫውን ውሃ፣ ጥርሴ ላይ የቀረውን የጥለት ክር። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ በእጄ ያላሟሟሁት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነበር።

«ጀርሙ ከየት ሊይዘው ይችላል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ከየትም» አለ ሐኪሙ። «ከሆስፒታል፣ ከአፈር፣ ከውሃ። ማወቅ አይቻልም።»

ማወቅ አይቻልም። ይህችን ቃል ይዤ ወጣሁ። ለጥቂት ቀን እንደ መከላከያ ይዣት ነበር። ቆይቶ ግን ከሁሉ የባሰችው እሷ ሆነች፤ ጥፋትሽ ነው ቢሉኝ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፣ አይደለም ቢሉኝም እተኛ ነበር።

ከዝርዝሩ ይሠራል የተባለው አንድ መድኃኒት እስኪገኝ ቤት ሆነን ወረፋ ስንጠብቅ አባቴ አንድ ነገር ለመነኝ፤ እንጦጦ ውሰጂኝ አለ። ጠበል ፈልጎ መስሎኝ ኪዳነ ምሕረት እንሂድ ስለው «ጠበሉንስ ሌላ ቀን፣ አሁን ራሱን ወንዙን ነው የምፈልገው፤ ሲነሳ ማየት» አለኝ። ታክሲ ኮንትራት ይዘን ወጣን። መኪናው ከቆመበት በባሕር ዛፎቹ መሃል ትከሻዬን ተደግፎ፣ ሦስቴ አርፎ ደረሰ። ከድንጋይ ሥር የምትወጣ፣ ከክንድ የማትሰፋ ውሃ ናት። ጎንበስ ብሎ በእጁ ጨልፎ ጠጣ።

«ቅመሺ» አለኝ።

ቀመስኩ። ቀዝቃዛ ናት፣ የቅጠል ጣዕም አላት።

«እዚህ እንዲህ ናት» አለ። «ታች ስትደርስ እኛን እኛን ትሸታለች።»

ያውቃል ወይ ብዬ ፊቱን አየሁ፤ ውሃዋን ነው የሚያየው። አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም አልኩ በልቤ። እንዲቆጣኝ ፈለግሁ። እንዲሰድበኝ፣ ከፈለገም ይቅር እንዲለኝ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ በትኩሳት ያበራል። «ጎመኑን ዛሬ ማን ያጠጣዋል ልትይኝ ነው?» አለ።

«አዎ» አልኩ። «እኔ አጠጣዋለሁ።»

ይህን ነው የነገርኩት። ቤት አስገብቼው ጄሪካኑን ይዤ ወረድኩ። ወንዙ ላይ ጎንበስ አልኩና ሳልቀዳ ቀና አልኩ። ተመልሼ በፈረቃ ከምትመጣው የቧንቧ ውሃችን ያጠራቀምኳትን ቀድቼ አጠጣሁ። ወንዝ ዳር ቆሜ ከቤት ውሃ ስሸከም ያየኝ ሰው ሳታብድ አልቀረችም ሳይል አይቀርም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄኔ ነው።

አባቴ ሰባት ቀንም አልቆየም። ወደ ደሙ ገብቷል አሉኝ። ያ የመጨረሻው መድኃኒት ሲገኝ ሰውነቱ ደክሞ ነበር።

አርባውን ባወጣን በሳምንቱ እትዬ ሳፋና ቢላ ይዘው መጡ። ከጎመኑ አጠገብ አገኘኋቸው።

«አምሮበታል እኮ» አሉኝ። «ምን ሊሆን ይባክናል? እሱ ነፍሱን ይማረውና በእጁ ነበር ቆርጦ የሚሰጠን።»

«አይቁረጡት፣ እትዬ።»

«ምነው ልጄ?»

ሐኪሙ ያለኝን ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ አፈሩ፣ ወንዙ፣ የዘመኑ ብክለት እያልኩ። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ። ስለ ባልዲው፣ ስለ ሲንኩ፣ ስለ ቦዩ፣ ለሰው ለማንም ያልነገርኩትን ቆሜ ነገርኳቸው። ስጨርስ ቀና ብለው ወደ ላይ፣ መድኃኒት ቤቱ ወዳለበት አዩ።

«የባለቤቴንም?» አሉኝ።

«የእርስዎንም ባለቤት።»

«እኔ ያመጣሁልሽን?»

«አዎ።»

ቢላውን ሳፋው ውስጥ አስቀመጡት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ጎመን ለራሳቸውም ለልጆቻቸውም ሲያበስሉ ኖረዋል። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። «አባትሽ ያውቅ ነበር?» ብቻ አሉኝ። አልነገርኩትም አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ሄዱ። ሳፋው እዚያው ቀረ።

ጎመኑን በማግሥቱ ነቅዬ አቃጠልኩት። እርጥብ ስለነበር ሙሉ ቀን ጨሰ። ሥራውንም ለቀቅኩ። ባልዲዋ የት እንደደረሰች አላውቅም፤ ካርቶኑ ግን አሁንም አለ፣ ልጅቷም አለች፣ አንዳንዴ እየደወለች «የአባትዎን መድኃኒት ያምጡልኝ፣ አቃጥለዋለሁ» ትለኛለች። ትክክል ናት። ፌስታሉን አንድ ቀን እስከ መድኃኒት ቤቱ ይዤው ሄጄ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አንድ ሰው የሟቹን መድኃኒት ሰጥቶ ሲወጣ አየሁት። ትከሻው ቀለል አለ። የእኔ እንዲቀል አልፈለግሁም፤ ተመለስኩ።

አሁን የአባቴ መድኃኒት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ከከረመ ሌላ በሽተኛ ይጠራል የሚለውን አላምንም፣ ግን እፈራለሁ። ክረምት ሲገባ፣ ከእንጦጦ በኩል ዝናቡ ጠንከር ሲልና ቦዩ ሲያስገመግም ስሰማ፣ ውሃው ቤት ድረስ እንደማይመጣ እያወቅሁ፣ ተነስቼ ፌስታሉን አንድ መደርደሪያ ከፍ አደርገዋለሁ።