«ፊትሽን ይዘሽ ነይ»

በአዲሱ ገበያ መታጠፊያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎማ ሲለጥፉ የኖሩት፣ የሰፈራችን የእግር ኳስ ቡድን የችቦ ደጋፊ የነበሩት ጋሼ በላቸው ገብሬ በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በእንጦጦ ማርያም ተፈጽሟል። ይህን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ አብረን ነበርን። የማታውቁት፣ ያረፉ ዕለት እኔ ሰናይት እየሳቅሁ ሆስፒታል የገባሁበትን ምክንያት ነው። ያዩኝ አሉ፤ ካዩኝ የሰሙም አሉ። ዛሬ አርባቸው ነው። ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። መቀመጥ የማያውቁ ሰውን ተቀምጦ ማስታወስ ያስቸግራል።

ጋሼ በላቸው ሥራ ላይም አይቀመጡም ነበር። የተነፈሰውን ጎማ ገንዳው ውስጥ ነክረው፣ አረፋ እስኪያዩ ድረስ አንዴ በአንድ እግራቸው አንዴ በሌላው እየቆሙ ገንዳውን ይዞሩታል። ባለመኪናው «ቀዳዳ የለውም መሰለኝ ጋሼ፣ ይተዉት» ሲላቸው ይቆጣሉ። «ቀዳዳ የሌለው ጎማ አይተነፍስም። አላገኘነውም በል!» ስለ ችቦም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ሰኞ ሰኞ የቡድኑን ቀዳዳ ሲፈልጉ ይውላሉ፤ ተከላካዩ ነው፣ አይ አሰልጣኙ ነው፣ አይ ሜዳው ነው። የሰፈር ልጆችን ኳስና ከጳውሎስ ሆስፒታል የሚመጣን የሕመምተኛ ዊልቸር ግን በነጻ፣ ከወረፋ አስቀድመው ይሠሩ ነበር። አንድ ሹፌር ወረፋዬ ተወሰደ ብሎ ቢጮህባቸው «አንተ ወርደህ በእግርህ መሄድ ትችላለህ፤ እሱ አይችልም» አሉትና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ችቦን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ችቦ ደጋፊውን በልብ ድካም ለመጨረስ የተቋቋመ ቡድን ነው። ሰማንያ ደቂቃ ደህና ተጫውቶ፣ አስጨብጭቦን፣ መጨረሻ ላይ ጎል ይበላል። ተቀናቃኞቻችን «እርጥብ ችቦ!» እያሉ የሚጠሩን በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለት ለዜሮ እየመራን በመጨረሻዎቹ አስር ደቂቃዎች ሦስት ገባብን። ጋሼ ኮፍያቸውን መሬት ጥለው ረገጡት። ከዚያ አንስተው አራገፉትና «እኔ ሳይ ነው የሚበሉት» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጨዋታ እስከ መጨረሻው አላዩም። አስር ደቂቃ ሲቀር ይወጣሉ፤ ከበሩ ውጭ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ይንቆራጠጣሉ። ወደ ላይኛው ምድብ ያለፍንበትን ጎል እንኳ የሰሙት በጩኸት ነው።

«መጨረሻውን ካላዩት ለምን ይመጣሉ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሰማንያውን ደቂቃ ማን ሊጠብቅላቸው ነው ታዲያ? አስሩን እግዜር ይያዘው።»

እኔ ጳውሎስ አካባቢ ባለ ፋርማሲ እሠራለሁ። ቅዳሜ ተራዬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስለሚጀምር፣ ፊሽካ ሲነፋ ከሜዳው በሩጫ የምወጣው የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። የተዋወቅነውም እንዲሁ ነው። ውጤቱን ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «አትናገሪ! አፍ ያባብላል። ፊትሽን አሳዪኝ።» ዞረው አዩኝና «ተበላን» አሉ። ተበልተን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአስራ ሁለት ዓመት ውጤት የሚያነቡት ከፊቴ ሆነ። አንድ ጊዜ ተሸንፈን ላታልላቸው ፈገግ ብል «ሰናይት፣ ይሄ ጥርስሽ ነው የሳቀው» ብለውኝ ኮፍያቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ደስ የሚል ቀንም ነበረን እኮ። በአንድ ዝናባማ ጨዋታ የበረኛችን ጫማ አፉን ከፈተ። ጋሼ በዕረፍት ሰዓት ከኪሳቸው ማስቲሽና የጎማ ቁራጭ አውጥተው፣ ጃንጥላ አስይዘውኝ ለጠፉለት። ልጁ ከዕረፍት መልስ ፍጹም ቅጣት ምት በዚያው እግሩ አዳነ። ከዚያ በኋላ ስለ በረኛው ብቃት ማንም እንዲያወራባቸው አይፈልጉም ነበር። «ማስቲሹ ነው ያዳነው!» ይላሉ፤ ለዓመታት።

ዘንድሮ ሁለቱም ታመሙ፤ ጋሼም ችቦም። ችቦ ከምድቡ ላለመውረድ የመጨረሻውን ጨዋታ የግድ ማሸነፍ ነበረበት። ጋሼ ደግሞ ሆስፒታል ሆነው የግሉኮሱን መስቀያ እየጎተቱ መስኮት ለመስኮት ይመላለሳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች «ኧረ አንተ ሰው፣ ጋደም በል!» ሲሏቸው «ተኝቼ ችቦን ላስወርደው?» አሉ። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ልሰናበታቸው ስገባ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀሎ ነበር።

«ስልክ እንዳትደውዪ» አሉኝ። «ፊትሽን ይዘሽ ነይ።»

አሸነፍን። እስካሁን አላምንም። በመጨረሻው ደቂቃ፣ እኛ ሁልጊዜ በምንበላበት ደቂቃ፣ አገባን! ስወጣ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው አልነበረም። ታክሲ ያዝኩ። ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠራ፤ እትዬ ዘነበች ናቸው። ጋሼ ትዕግሥታቸው አልቆ ያስደወሏቸው መሰለኝና ሳቅሁ፤ አላነሳሁም። ፊቴ እንዳይቀየርብኝ ከማንም ጋር አላወራሁም፤ ረዳቱን እንኳ በእጄ ነው «ወራጅ» ያልኩት። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ፣ ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ፣ እየሳቅሁ ገባሁ።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ጎረቤቶቻችን ግድግዳውን ተደግፈው ያለቅሳሉ። ሁሉም አዩኝ።

«ሰናይት» አሉ እትዬ ዘነበች፣ «ምን ያስቅሻል?»

 «ችቦ አሸነፈ» የሚል ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ከአፌ ሊወጣልኝ አልቻለም። ለቅሶው ላይ «እየሳቀች የገባችው እሷ ናት» ሲባል ሰማሁ። አልፈርድም፤ እኔም ባይ እላለሁ። ግን አርባ ቀን ሙሉ አላስተኛኝም። እትዬ ዘነበች፣ ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው ነው። ያን ፊት ያመጣሁት ለእሳቸው ነበር። ዘግይቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ያረፉት አስር ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሰዓቱን ከጨዋታው ጋር አላስተያይም ብዬ ነበር፤ አስተያየሁት። ጨዋታው ሊያልቅ አስር ደቂቃ ያህል ይቀረው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከሐዘኔ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴት ነው። ምን ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ እስከ ፊሽካው ቢቆዩ!

ጋሼ በላቸው፣ እንግዲህ እንደ ልማድዎ ሳያልቅ ወጡ። ሰማንያውን ጠብቀውልናል፤ አስሩን እግዜር ያዘው። ነፍስዎን በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን፤ መቀመጥ እምቢ ካለችም ቆማ የምታርፍበትን ይስጣት። እዚያም በር ላይ ጀርባዎን ሰጥተው እየተንቆራጠጡ ከሆነ፣ ዞር ይበሉ፤ መጥቻለሁ። ዛሬ ብቻ ደንብዎን ልሻርብዎ። ፊቴን አይመኑት፣ አፌን ይመኑት። አሸንፈናል።