ዴኦሊንዳ የሳተችው ሰኞ

ዴኦሊንዳ ፉርታዶ ስህተቷን ያወቀችው ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሂልማር ከተማ ፖስታ ቤት በር ላይ ቆማ ነው። ቴምብር ልትገዛ ስትገባ መስታወቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየች። «የፊታችን ሰኞ በዓል ስለሆነ ዝግ ነን» ይላል። እጇ የበሩን መያዣ እንደጨበጠ ቀረ። ቴምብሩንም ሳትገዛ ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ሎሪን ታኬት የሚባሉ የሰባ ስምንት ዓመት ባልቴት ቤታቸውን አስይዘው የሚበደሩበትን ውል አስፈርማቸው ነበር። መኖሪያ ቤቱን እንዲህ ያስያዘ ሰው ከፈረመ በኋላ ሐሳቡን ለመለወጥ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጠዋል። አበዳሪው የመጨረሻውን ቀን ሳይጽፍ ባዶ ቦታ ትቶ ስለነበር የሞላችው እሷ ናት። ዓርብ አንድ፣ ቅዳሜ ሁለት፣ እሑድ አይቆጠርም፣ ሰኞ ሦስት ብላ ቆጥራ «ሰኞ» ጻፈች። በዓል ከሆነ ግን ሰኞም አይቆጠርም። ማክሰኞ መሆን ነበረበት።

ሰኞን በዓል ብሎ ማሰብ ለዴኦሊንዳ እንግዳ ነገር ነው። ኮክና ቲማቲም በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ያ የበዓል ሰኞ በየዓመቱ የሚውለው ደግሞ የቲማቲሙ ወቅት ገና ሳያልቅ ነው። ባንኩና ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የፋብሪካው ማሽን ግን ቆሞ አያውቅም። ለእሷ ያ ቀን ሁሌም ፀጉሯን በመረብ ሸፍና፣ የጎማ ቦቲዋን ተጫምታ የምትውልበት ቀን ነበር።

ሰነድ አረጋጋጭ የሆነችው ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ነው። ትምህርቱ አንድ ቀን፣ ፈተናው አንድ ሰዓት ነበር፤ ያስቸገረው አሻራው ነው። ኮክ የሚላጥበት ኃይለኛ የኬሚካል ውሃ የጣቶቿን መስመር ጠርጎ ስለወሰደው ሁለት ጊዜ ተመለሰባት።

«እማማ፣ ጣትዎ ላይ እኮ ምንም የለም» አላት አሻራ የሚያነሳው ጎልማሳ።

«ከኮኩ ጋር ታሽጎ ሄዷል» አለች በቀስታ፤ ከዚያ መቀለዷ ራሷን አሳፈራት። በመጨረሻ ስሟን ብቻ መርምረው አሳለፏት።

ማኅተሙን ካገኘች በኋላ የብድር ውል ማስፈረም ለመጀመር ሌላም ተጠየቀች። በየዓመቱ የሚታደስ የጀርባ ምርመራ፣ ሌላ ፈተና፣ ለረጅሙም ለአጭሩም ወረቀት የሚሆን ማተሚያ፣ ከዚያ ደግሞ መድን። ማኅተሙን ስታገኝ መንግሥት ያስገባት ዋስትና እሷን የሚጠብቃት መስሏት ነበር። አስተማሪዋ ግን ጣቷን አወዛውዛ፣ «ዋስትናው የሚጠብቀው ሕዝቡን ነው፤ ከፍሎልሽ ሲያበቃ ዞሮ ካንቺ ይቀበላል። አንቺን የሚጠብቅሽ የሙያ ስህተት መድን ነው። እሱም ቢሆን ሳታውቂ ለሳትሽው ብቻ ነው፤ አውቀሽ ላደረግሽው ማንም አጠገብሽ አይቆምም» አለቻት። ዴኦሊንዳ ይህን ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ቤቷ እንደደረሰች ሥራ ወደሚልክላት ድርጅት ደወለች። ያነሳው ትሬንት ነው። ሥራ የሚሰጣት ድርጅት ያ ብቻ ነበር፤ ከገባችም ገና አምስት ወሯ ነው።

«ትሬንት፣ የወይዘሮ ታኬትን ቀን ተሳስቻለሁ። ሰኞ በዓል ነው።»

«ወይኔ! የውሉ ፖስታ ሄዷል እንዴ?»

«አልሄደም። አሥር ሰዓት ላይ ነው መጥተው የሚወስዱት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በቃ ሰርዘው ማክሰኞ ይበሉት፤ አጠገቡ የስማቸውን ሁለት ፊደል ጣል ያድርጉበት።»

«የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ እንዴት እፈርምላቸዋለሁ?»

«ፊርማ አይደለም እኮ ወይዘሮ ፉርታዶ፣ ሁለት ፊደል ነው! ልጅም ይጽፈዋል።»

«እሳቸው ጋ የቀረው ግልባጭስ? እሱም ሰኞ ነው የሚለው።»

«እሱን ደግሞ ማን ያነበዋል?»

ዴኦሊንዳ የውሉን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበች። ሰው ፊት መከራከር አትወድም፤ በስልክም ቢሆን ፊቷ ይቀላል። እስክሪብቶዋ ጠረጴዛው ላይ ነው። የወይዘሮ ሎሪን ፊደሎች ወደ ግራ ያዘነበሉ፣ ለመምሰል የማይከብዱ ናቸው። ትናንት የሳተችው ስህተት ነበር፤ አሁን የምትጽፈው ግን ስህተት አይባልም።

«አርባ ደቂቃ ነው መንገዱ፤ ሄጄ እመለሳለሁ» አለች።

«ፖስታው ካመለጠዎት ሌላ ሥራ ከኛ አይጠብቁ» አለና ስልኩን ዘጋው።

የወይዘሮ ሎሪን ቤት ከአልመንድ ዛፎቹ ማብቂያ ላይ ብቻውን የቆመ ነው። ሐሙስ ዕለት የወንድማቸው ልጅ ድዌይን አጠገባቸው ተቀምጦ መቶ ሠላሳውን ገጽ እየገለጠ፣ «እዚህ ጋ፣ አክስቴ። እዚህም» ሲላቸው ነበር። ብድሩ የእሱን የብየዳ ሥራ ለማስፋት ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲፈርሙ ትከሻቸውን ያሻቸው ነበር። ዛሬ ማሽን ሊያይ ፍሬዝኖ ሄዷል።

«ምነው? ማኅተምሽን ረሳሽ?» አሉ ወይዘሮ ሎሪን ከውሻው ጋር በሩ ላይ ቆመው።

«ቀን ተሳስቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ግቢ እንግዲህ። ዝናብ የመታት ዶሮ ይመስል አትቁሚ እዚያ።»

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘረጋችው። ሰኞን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ ማክሰኞ ብላ ጻፈች።

«እዚህ ጋ የስምዎን ሁለት ፊደል ይጻፉልኝ። እርስዎ ጋ ባለው ግልባጭም ላይ።»

«ለዚህች ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሽው? ምንድነው ወረቀቱ?»

«ቢያነቡት ይሻላል።»

«መነጽሬ ድዌይን መኪና ውስጥ ቀርቷል። አንቺ ንገሪኝ።»

«መተርጎም አልችልም፤ ጠበቃ አይደለሁም። የተጻፈውን ግን እንዳለ ላነብልዎት እችላለሁ።»

አነበበችላቸው። ከላይ እስከ ታች፣ ሳትቸኩል፣ ድምፅዋን በየትኛውም ቃል ላይ ሳታጠብቅ አነበበች።

«እስከ ማክሰኞ እኩለ ሌሊት ልተወው እችላለሁ ነው የሚለው?»

«እንደተጻፈው ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ነው የሚከፈለው፣ አይደል? መቶ ስምንት ሲሞላኝ እጨርሳለኋ! ድግስ እጠራሻለሁ።» ብቻቸውን ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ይህን ቤት ባሌ በእጁ ነው የሠራው። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

ዴኦሊንዳ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችው። «እሱን ልነግርዎት አልችልም።»

«አይ አንቺ! ሬዲዮ እንኳ ካንቺ የተሻለ ያወራል።»

ሁለቱንም ፈረሙ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሳይመልሱ ቆዩና የራሳቸውን ግልባጭ ሳቡት፤ እተወዋለሁ በሚለው መስመር ሥር ዓይናቸውን አስጠግተው ሙሉ ስማቸውን ጻፉ። ፖስታ ፈልገው አሽገው የአበዳሪውን አድራሻ በትልልቁ ጻፉበት።

«በፖስታ ቤቱ በኩል ነው መንገድሽ። ያዥልኝ።»

እጃቸው ተዘርግቶ ቀረ። ዴኦሊንዳ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። ደብዳቤውን ብትወስድ ወገን ያዘች ማለት ነው፤ ማኅተሟ ደግሞ ወገን ለሌለው ሰው የተሰጠ ነው።

«አልችልም፣ እመቤቴ። ይቅርታ።»

«ለምን ትጠቅሚያለሽ ታዲያ?»

«እኔ እንጃ» አለች፤ እውነቷን ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ቤቷ ደረሰች። ፖስታውን የሚወስደው ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበርና አስረከበችው።

ሰኞ ፖስታ አልነበረም። ዴኦሊንዳ ቀኑን ሙሉ ንጹሑን ምድጃ ስትወለውል ዋለች። ወይዘሮ ሎሪን ደብዳቤውን ለፖስተኛው ይሰጡ ይሆን? ድዌይን አግባብቷቸው ይሆን? ደውላ መጠየቅ አልቻለችም።

ረቡዕ ትሬንት ደወለ። «ትናንት ለፖስተኛ ሰጥተውታል፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም የማክሰኞ ስለሆነ ቀኑ አላለፈም። ብድሩ ቀርቷል። ምን ነገሯቸው?»

«ቀኑ ስህተት መሆኑን። ወረቀቱንም ሲጠይቁኝ አነበብኩላቸው።»

«ሁለት ፊደል ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ!» ትንፋሹን ሳበ። «ስምዎን ከዝርዝራችን አውጥተነዋል።»

«ገባኝ» አለች።

መድን ድርጅቱም ጋ ደወለች፤ የተሳሳተ ሰው ማሳወቅ አለበት ተብላ ተምራለችና። ያነሳችው ሴት የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ፣ «የከሰሰሽ አለ?» አለቻት።

«የለም።»

«ታዲያ የምከፍተው ፋይል የለኝም፣ እህቴ። መዝገብሽን በደንብ አስቀምጪ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ድርጅት ማመልከቻ ሞላች። አሥራ አራተኛው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ከሌላ ድርጅት ዝርዝር ወጥተው ያውቃሉ?» ይላል። «አዎ» አለች። ምክንያቱን የሚጽፉበት ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ዴኦሊንዳ ከፖስታ ቤቱ በር ጀምራ ጻፈች፤ መስመሩ ሲያልቅ ወደ ኅዳጉ፣ ኅዳጉ ሲያልቅ ወረቀቱን ገልብጣ ቀጠለች።

በሦስተኛው ሳምንት ከድርጅቱ ሥራ ሊሰጧት ደወሉላት።