የኪኑዮ በረዶ መግፊያ

ኪኑዮ ሳሳሞሪ እጇን ከብሎንና ከመፍቻ መሰብሰብ አታውቅም። አባቷ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው "መፍቻ አምጪ፣ ጎማውን ያዢ" የምትባለው እሷ ነበረች። አግብታ፣ ወልዳ፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ድስት ስታማስል ኖራ ጡረታ ወጣች፤ የአባቷ መጋዝ ግን ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። ባሏ ሺገኖሪ "የሰው ሚስት ኪሞኖ ይዛ ትመጣለች፣ የእኔዋ መፍቻ ይዛ መጣች" እያለ ዕድሜ ልኩን ሲያሾፍባት ኖሯል።

ያን ዓመት የሺገኖሪ ኩላሊት ከዳው። በሳምንት ሦስት ቀን የሆስፒታሉ መኪና ለእጥበት ሊወስደው ይመጣል፤ መኪናው ግን ከዋናው መንገድ አያልፍም። ከዚያ እስከ ቤታቸው ያለው የእግረኛ መንገድ ዊልቸር ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ በረዶ ጠራጊ ዞር ብሎም አያየውም። በሚኖሩባት በአኪታ ደግሞ በረዶው ዘንቦ አይበቃውም። ማታ የጠረጉት መንገድ ጠዋት እስከ ጉልበት ሞልቶ ይጠብቃል። ኪኑዮ በአካፋ ስትዝቅ ስትዝቅ ወገቧ ተቆረጠ። አንድ ቀን ጠርጋ አልደረሰችምና መኪናው ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። በማግስቱ ሺገኖሪ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ዋለ። እሷ ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

በነጋታው ጓሮ ገባች። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቀች። የልጇን አሮጌ ብስክሌት የፊት ጎማ ነቀለችና በቦታው ግማሹን በርሜል ወደ ጎን አጋድላ በብሎን አጠበቀችው። ከሥሩም፣ መሬቱን እንዳይነክስ፣ የጎማ ቁራጭ ሰፋችበት። የብስክሌቱ መሪ እጀታ ሆነ። ሲገፉት በረዶውን እየጠቀለለ ወደ ጎን ያፈሰዋል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የአሳማ ገበቴ?" አለ ሺገኖሪ።

"ያንተ ባቡር ነው። ዝም ብለህ ተሳፈር!"

እውነትም ሠራ! በአካፋ ጠዋቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሻይ እስኪፈላ አለቀ። መዘዙ የመጣው ከቦዩ ነው። በመንገዱ ዳር፣ ከመሬት በታች የሚሄድ ቦይ አለ፤ በየደጃፉ የብረት ክዳን አለው። ጠዋት ውሃ ሲለቀቅ ሁሉም ክዳኑን ከፍቶ በረዶውን ይጥልበታል፤ ግን በትንሽ በትንሹ፣ እያደቀቀ። ይሄን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ኪኑዮ አታውቅም እንዳትሉኝ! መግፊያው ሲፈጥንላት ደስ አላትና የመንገዱን በረዶ በሙሉ በራሷ ደጃፍ ባለችው አንዲት ቀዳዳ ጠቀጠቀችው።

የበረዶው ጓል በውሃው ተገፍቶ ሄዶ የመንገዱ ኩርባ ላይ፣ አቶ ኩማጋይ ደጃፍ ተሰነቀረ። አቶ ኩማጋይ ብቻቸውን የሚኖሩ አናጺ ናቸው፤ ምላሳቸው ከመጥረቢያቸው አይተናነስም። ውሃው ገንፍሎ ጓዳቸው ገባና ለዓመት ያስቀመጡትን ሩዝ አበሰበሰው።

"አንቺ ሴትዮ! ቦዩን ሆድ አደረግሽው እንዴ፣ ያገኘሽውን የምትጎሰጉሽበት?"

ኪኑዮ በጭስ አድርቃ ያዘጋጀችውን ራዲሽ የሚባል ነጭ ሥራሥር በጨርቅ ጠቅልላ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች፤ እስከ ጉልበቷ ጎንበስ አለች።

"ራዲሽሽን ራስሽ ብዪው! ሩዜን አጥበሽልኝ፣ በምን ልበላው?" ብለው በሩን ዘጉባት። ሐፍረቱ አንገበገባት። መግፊያውን ከጣራው ጥግ ሥር አቁማ እንደገና አካፋዋን አነሳች።

ማክሰኞ ጠዋት፣ የእጥበቱ ቀን፣ በረዶው እስከ ወገብ ደርሶ አደረ። ሺገኖሪ ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ ዊልቸሩ ውስጥ ተቀምጧል። መንገዱ ገና ሩቡም አልተነካም።

"ተዪው ኪኑዮ፤ አንድ ቀን ብቀር አልሞትም።"

"ባለፈው ምን እንደሆንክ አይቻለሁ። አፍህን ዝጋ!" አለች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

ይሄኔ ብረት ሲንኳኳ ተሰማ። አቶ ኩማጋይ በቦቲ ጫማቸው ኩርባው ላይ ክዳናቸውን ሲያነሱ ነው። ቀጥሎ የጎረቤታቸው ክዳን ተነሳ፤ ከዚያ የሌላው። ለካ ሽማግሌው ጎህ ሲቀድ የየቤቱን በር ሲደበድቡ ነበር።

"ያን ጉድሽን አምጪው!" ብለው ጮኹ።

"እንደገና ቢደፈንስ?"

"አንድ ቀዳዳ ውስጥ ስትጠቀጥቂው ነዋ! በየደጃፉ ትንሽ ትንሽ አራግፊ። እኔ እዚህ ቆሜ ጓሉን እሰብራለሁ። ባልሽ ደጅ ተቀምጦ እያየሁት ልተኛ ነው?"

ኪኑዮ መግፊያውን ይዛ ሮጠች። አንዱ ደጃፍ ትንሽ ታራግፋለች፣ ባለቤቱ በእንጨት ያደቅቀዋል፤ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። መኪናው ጡሩምባውን ሲነፋ መንገዱ ተከፍቶ ነበር።

ሺገኖሪ ኩርባው ጋ ሲደርስ ለምስጋና ከወንበሩ ላይ ጎንበስ አለ። አቶ ኩማጋይ ቀና ብለው አላዩትም፤ ውሃው ቦቲያቸው ውስጥ ገብቷል። "ሂድ፣ ሂድ። ታጥበህ ና" አሉት።

መኪናው ከሄደ በኋላ ኪኑዮ አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

"ያ ራዲሽ የታለ?" አሏት።

"በላነው።"

"በላችሁት? የእኔን?"

"ሌላ አለ፤ አሁኑኑ አመጣለሁ..."

"አሁን እግሬ ደንዝዟል፣ ቤት ልግባ። የሚቀጥለው እጥበት ሐሙስ አይደል? ሐሙስ ጠዋት ክዳኔን ስከፍት ይዘሽው ነይ።"