የጋሽ አበራ መኪናና የልጄ መጫወቻ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ አዲሱን መኪናውን ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ አቁሞ በሩን ሲከፍተው፣ የፕላስቲክና የርካሽ ሽቶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። መኪና ካሉት መኪና ነው። ሁለት በር ብቻ ያለው፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ ቀይ ነገር፤ የኋላ መቀመጫውማ እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው ነው። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላትን እናቴን ሐኪም ቤት ሊያደርስልን ነበር የመጣው። ጉልበቷ እሺ አልል ብሏት ጋቢናው አጠገብ ቆማ ስትቸገር፣ ልጄ የተጨነቀው ለሌላ ነገር ነው። «እማማ፣ ጫማሽን ብታወልቂው? ምንጣፉ ነጭ እኮ ነው» አላት። እሷም ምስኪን፣ ልታወልቅ ጎንበስ አለች።

እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ይህ ሕንፃ በቆመበት ቦታ የጭቃ ቤቶቻችን ተደጋግፈው በነበረበት ጊዜ፣ ጎረቤታችን ጠበቃው ጋሽ አበራ ጥቁር ባለአራት በር የጀርመን መኪና ነበረቻቸው። በሯ ሲዘጋ እንደ ጎተራ ክዳን ዱብ ይላል፤ ውስጧ አሮጌ ቆዳና ቤንዚን ይሸታል፤ ከኋላ አራት ሰው ተዝናንቶ ይቀመጥባታል። እውነቱን ለመናገር ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች፣ በክረምት ጠዋትም ካልተገፋች አትነሳም። የሰፈሩ ሙሽሮች ሁሉ የተዳሩት በእሷ ስለነበር፣ ኮቱን አውልቆ የራሱን የሠርግ መኪና የገፋ ሙሽራ በዓይኔ አይቻለሁ። ሴት ምጥ ሲይዛትም መጀመሪያ የሚንኳኳው የጋሽ አበራ በር ነው።

አንድ ቀን ትርፍ አንጀት ሆዴን ሰቅዞ ያዘኝና እናቴ አዝላኝ ሮጠች። ጋሽ አበራ ምሳቸውን ትተው ወጡ፣ የኋላውንም በር ራሳቸው ከፈቱላት። እናቴ በሰው መኪና ገብታ አታውቅም ነበርና፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደምታደርገው ጫማዋን አውልቃ፣ ጎን ለጎን አስተካክላ መሬት ላይ አስቀምጣ ገባች። ነገሩ የታወቀው ሐኪም ቤት ስንደርስ ነው። ጋሽ አበራ ባዶ እግሯን አዩ፤ አልሳቁም። እኔን ለሐኪሞቹ ካስረከቡ በኋላ እስከ ልደታ ተመልሰው ጫማውን አመጡ፣ ከነሙሉ ልብሳቸው ጎንበስ ብለውም እግሯ ሥር አስቀመጡላት። «ወይዘሮ አየለች፣ መኪና የተገዛው ለሰው ነው፤ ሌላ ጊዜ ከነጫማዎ ይግቡ» አሏት። እናቴ ይህን ቃል እየደጋገመች ስትናገር ነው ያደግኩት።

ጋሽ አበራ ካረፉ ቆዩ። መኪናቸውም ሰፈሩ ሲፈርስ ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጠች።

ማክሰኞ ዕለት የእናቴን እጅ ያዝኩና ቀና አደረግኳት፤ ወደ ታክሲው መንገድም ቀስ እያልን ሄድን። ልጄ ከኋላችን «እማ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። አሹፎ አይደለም፣ ከልቡ ግራ ገብቶት ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ንቀቴን ሁሉ ያወረድኩት በዚያ ቀይ ቆርቆሮ ላይ ነበር። ጋሽ አበራ ግን ለእናቴ ጎረቤት እንጂ ሌላ ምኗም አልነበሩም፤ ይሄኛው የልጅ ልጇ ነው፣ ያሳደግኩትም እኔ ነኝ።