ለትንሿ ማርያም የተላከ ጃንጥላ

ያቺን የጀርመን ከተማ ረግጫት አላውቅም። ይህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ከማውራት አላገደኝም። ስሟን እዚህ የማልጽፈው ሰዎቿን እስካሁን ያስቸገርኳቸው ይበቃል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 2020 መኸር ነው። ትምህርት ቤቱ በኮሮና ተዘግቶ የሰባተኛ ክፍል የዓለም ታሪክ ከቤቴ ሆኜ በዙም አስተምር ነበር። ቤቴ ስል ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ከቤክስሊ ድንበር ወዲህ ያለ የሰው ቤት ቤዝመንት ማለቴ ነው። ባለቤቲቱ ከላይ ይኖራሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። በስደት መጥተው፣ ሠርተው፣ ቤት ገዝተው፣ አንድ ልጃቸውን አሳድገው ጡረታ የወጡ የኦርቶዶክስ ሰው ናቸው። እኔ የፓስተር ልጅ ነኝ። በመካከላችን ያለው ደረጃ አሥራ ሦስት መርገጫ አለው። ቆጥሬዋለሁ፤ የማልቆጥረው ነገር የለም።

ያን ሳምንት ትምህርቱ ስለ መካከለኛው ዘመን ተሳላሚዎች ነበር። ለምሳሌ የምትሆን ከተማ ስፈልግ ይቺን አገኘሁ፤ ኮረብታ ተደግፋ የተቀመጠች፣ በአንድ ሰዓት ተዞራ የምታልቅ፣ ሰው ለዘመናት በእግሩ ሲመጣባት የኖረች። አርባ ሁለት ስላይድ ሠራሁላት። መግቢያዋ ላይ የድሮ የግንብ በር አለ። ከበሩ ወደ አደባባዩ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሻማ የሚሸጡ ቤቶችና ለተሳላሚ የተሠሩ አሮጌ ማደሪያዎች ተደርድረዋል፤ የአንዱ ምልክት ዓሣ ነው፣ የሌላው ድብ። አደባባዩ ላይ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ሁለት ማማ አለው፣ አንደኛው ከሌላው ያጥራል፤ ለምን እንደሚያጥር ሦስት ስላይድ የፈጀ ማብራሪያ ነበረኝ። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ በወርቅ ቅብ ያበራል። መሠዊያው ላይ ከእንጨት የተጠረበች ማርያም ልጇን ታቅፋ ቆማለች፤ ሰው ሁሉ የሚመጣው እሷን ሊሳለም ነው። የግራው ግድግዳ የዳኑ ሰዎች በሰቀሏቸው ትንንሽ የእንጨት ሥዕሎች ተሸፍኗል። አንዱ ላይ ሰውዬ ከጋሪ ሲወድቅ፣ ሌላው ላይ አንዲት ሴት አልጋ ላይ ተኝታ ይታያል፤ በሁሉም ላይ ማርያም ከደመና ውስጥ ሆና ታያቸዋለች። ከከተማዋ ጀርባ ደግሞ በየመታጠፊያው ትንሽ ጸሎት ቤት ያለበት የሕማማት መንገድ ወደ ኮረብታው ይወጣል።

ይህንን ሁሉ ካሜራቸውን ላጠፉ ሃያ ስድስት ልጆች እጄን እያወናጨፍኩ አስረዳሁ። ጥያቄ ያለው ካለ ብዬ ስጠብቅ አንዱ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብሎ ጻፈ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

የዚያን ቀን ከልብ የሚከታተለኝ ሰው ከኋላዬ ነበር። እትዬ ልብስ ሊያጥቡ ወርደው ቅርጫታቸውን እንዳቀፉ ቆመዋል።

"ወደ ኋላ አዙሪው" አሉኝ፣ ስክሪኑን እንደ መኪና መስኮት ቆጥረውት። "ከትልቁ ቤት ኋላ። የኔ ማርያም እዚያ ናት።"

ቅርጫቱን አስቀምጠው ነገሩኝ። አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት ከሦስት ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር አሥራ አራት ወር እዚያች ከተማ ዳር በሚገኝ የስደተኞች መኖሪያ ተቀምጠዋል። ብርዱ ሲጠና ልጅቱ ታመመች። ትኩሳቷ አልወርድ አለ፤ ሐኪም ቤት ተኛች፤ እናት ደግሞ ሐኪሞቹ በጀርመንኛ የሚሉትን አይሰሙም። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለሱ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ኋላ፣ የመቃብሩ በር አጠገብ፣ የአንድ ክፍል ያህል ስፋት ያላት ቤት አዩ። ውስጧ በመስታወት የተከደነች የወረቀት ማርያም ነበረች። እዚያው ቆመው፣ ልጄን ብትተዪልኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ ብለው ተሳሉ። እንደዚያ ያለውን ጃንጥላ አንባቢ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ሳላስረዳ አላልፍም። ከፋይ ነው፣ ጫፉ ላይ ወርቃማ ዘርፍ አለው፣ ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ነው። ልጅቱ ዳነች። በዚያው ሳምንት የአሜሪካ ፈቃድ መጣና በጥድፊያ ኦሃዮ ገቡ። ስእለቱ ሳይገባ ቀረ።

ዘንድሮ ከርሞ ሲሉ ኖረው፣ በመጨረሻ ለ2020 ጸደይ ቲኬት ቆርጠው፣ ጃንጥላውንም ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥተው ነበር። አውሮፕላኑ ቀረ። ጃንጥላው ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተጠቀለለ ቆመ። የከፋው ነገር ግን ሌላ ነው። ሐኪማቸው የልባቸው ቫልቭ መቀየር አለበት፣ ከሚቀጥለው ሰመር እንዳያልፍ ብሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ስእለት ይዤ ቢላ ስር አልተኛም ብለዋል። ልጃቸው ግሮቭ ሲቲ ያለ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ናት። በየእሑዱ ማስኳን አድርጋ ትመጣና በእንግሊዝኛ ትለምናቸዋለች። በአማርኛ እምቢ ይሏታል።

አስተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም አይልም። ጃንጥላውን በፖስታ እንልካለን አልኩ። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ፣ ስለ ከተማዋ የማላውቀው ነገር የለም አልኩ። ይህንን የምለው እዚያ ለኖረ ሰው መሆኑ ያኔ አልታወቀኝም።

አንድ ነገር ብቻ መስተካከል ነበረበት። ባነበብኳቸው ገጾች ሁሉ ታዋቂዋ ማርያም የትልቁ ቤተ ክርስቲያኗ፣ የእንጨቷ ናት። ከኋላ ስላለችው ቤት ያገኘሁት ግማሽ መስመር ነው፦ የቀድሞ የመቃብር ጸሎት ቤት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ። ይህን ያህል ዓመት ሲያልፍ ሰው ቦታ ያምታታል ብዬ ደመደምኩ። ቅዳሜ ዕለት ትዝታቸውን ለመቀስቀስ በሚል መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ እዚሁ ኮሎምበስ ጀርመን ቪሌጅ የሚባል ሰፈር ወሰድኳቸው። ስለ ጡቡ፣ ስለ መስኮቱ፣ ድሮ ከጀርመን መጥተው ኮሎምበስ ስለሰፈሩት ሰዎች አንድ ሰዓት ያህል ገለጽኩ። እትዬ ሲመለሱ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀርመን አገር መጸዳጃ ቤት በቀላሉ ይገኝ ነበር አሉ። ቤት ስንገባ የአደባባዩን ንድፍ በወረቀት ሥዬ፣ የተሳሉበት ቦታ ትልቁ ቤት መሆን እንዳለበት በቀስት አሳየኋቸው።

ወረቀቱን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። "እሺ የኔታ፣ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ።

የኛ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል መስማማቱ እንዳልሆነ የማያውቅ ሐበሻ ኮሎምበስ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ደስ ብሎኝ ወርጄ መጻፍ ጀመርኩ።

ደብዳቤው አራት ገጽ ሆነ። የጃንጥላ ታሪክ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ የቀለማቱ ትርጉም፣ በእነሱ የእንጨት ሥዕሎችና በእኛ ስእለት መካከል ያለው ተመሳሳይነት፤ ሁሉም በንዑስ ርዕስ ተከፋፍሎ። በኮምፒውተር ወደ ጀርመንኛ አስተርጉሜ፣ ጃንጥላውን ረጅም ካርቶን ውስጥ አሽጌ፣ ለትልቁ ቤተ ክርስቲያን ላክሁት። አባቴ ስልክ ሲደውል ምን እየሠራሽ ነው አለኝ። ለካቶሊክ ቄስ ስለ ኦርቶዶክስ ስእለት እየጻፍኩ ነው ከምለው፣ የቤት ሥራ እያረምኩ ነው አልኩት።

መልሱ ሚያዝያ ላይ በኢሜይል መጣ። የጻፈችው የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት የምትጠብቅ ሴት ናት። ፎቶም ልካለች። ጃንጥላው ከእንጨቷ ማርያም ቀኝ ተዘርግቶ ቆሟል፣ ከሥሩ አበባ አለ፣ ከበስተኋላው ያ ሁሉ ወርቅ። እሑድን ጠብቄ ፎቶውን ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ አደረግሁትና እናትና ልጅን ጠራሁ። የመግቢያ ንግግር ነበረኝ። ልጅቱ ገና ሳልጀምር ዓይኗን ጠረገች። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉ።

"ይቺ አይደለችም።"

ብርሃኑ ነው አልኳቸው። አይደለችም አሉ። የኔዋ ወረቀት ናት፣ የኔዋ ወርቅ የላትም አሉ። ያን ጊዜ ከአባቴ ቤት የያዝኩት ዕውቀት ሁሉ ወደ አፌ መጣ።

"እትዬ፣ ማርያም እኮ አንድ ናት።"

"አንድ ናት። እኔ የተሳልኩት ለዚያችኛዋ ነው።"

"ግን ያው..."

"ያንቺን ደብዳቤ ለጎረቤት ቢሰጡት፣ ሰው ሁሉ አንድ ነው ብለሽ ዝም ትያለሽ?"

የቁልቢው ቁልቢ፣ የግሸኗ ግሸን እንደሚገባ፣ ስእለት የተባለለት ደጅ እንዳለው አውቃለሁ። ፈተና ላይ ብትጠይቁኝ ሙሉ ነጥብ አገኛለሁ። ጃንጥላውን ግን በጣቴ እየጠቆምኩ የላክሁት ወደ ጎረቤት ነበር። እትዬ ምንም ሳይቆጡ ተነሡና ልጃቸውን ለሐኪሙ ንገሪው፣ አሁን አልገባም ብለው ወደ መኝታ ቤታቸው ሄዱ።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ ካልሆነ አውርታ አታውቅም።

"አንቺ ነሽ ያበላሸሽው" አለች በአማርኛ። "አንቺው አስተካክዪው። እናቴ ጊዜ የላትም።"

በማግስቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አሥራ ሦስቱን መርገጫ ወጣሁ። እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ አልኳቸው። አይተው ፈገግ አሉ፤ ለማስረዳት ሳይሆን ለመጻፍ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ያሉት ይኸው ነው፦ "ጃንጥላው የትንሿ ነው። ከትልቁ ቤት ኋላ፣ የመቃብሩ በር አጠገብ፣ መስታወት ውስጥ ላለችው የወረቀት ማርያም። ልጄ ድናለች።"

በመሐል የስህተቱን ምክንያት የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ላስገባ ፈልጌ ነበር። እስክሪብቶውን ቀሙኝ። ወርጄ የቀድሞውን ደብዳቤ አወጣሁና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። በአራት ገጽ ውስጥ ልጅቱ መዳኗን የትም አልጻፍኩም።

የዕቃ ቤቷ ሴት በሦስተኛው ቀን መለሰች። ያቺን ቤት አውቃታለሁ፣ እናቴ በሕይወት ሳለች አበባዋን የምትቀይረው እሷ ነበረች፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው ትላለች። ጃንጥላውን ራሷ ይዛ አደባባዩን አቋርጣ ወስዳዋለች። አዲሱ ፎቶ ላይ ጠባብ ኖራ ቅብ ክፍል ይታያል። ጃንጥላው ሊዘረጋ ቦታ አጥቶ ግማሹን ተከፍቶ ግድግዳ ተደግፏል። አጠገቡ መስታወት አለ፤ መስታወቱ ውስጥ፣ ከደብተር ገጽ የማትበልጥ፣ ጠርዟ ቢጫ የሆነ የወረቀት ማርያም።

እትዬ ስልኬን ተቀብለው ፎቶውን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ደብዳቤውን አንብቢልኝ አሉኝ። ከነጀርመንኛው አትሜ የያዝኩትን ትርጉም እያነበብኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩና ዘለልኩት። በሕይወቴ ማብራሪያ የዘለልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሴትዮዋ አደባባዩን ስታቋርጥ ዝናብ ስለያዛት ጃንጥላውን ዘርግታ ተጠልላበታለች። ለታቦት የሚዘረጋውን። ይህን ለልብ ሕመምተኛ እንዴት ይነግሩታል?

"እዚህ ጋ ምን ይላል?" አሉ ጀርመንኛውን በጣታቸው ይዘው። "ሬገን ይላል። ዝናብ ነው።"

አሥራ አራት ወር እዚያ መኖራቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ረስቼዋለሁ። ነገርኳቸው።

"በላስቲክ ጠቅልላ አትወስደው ነገር፣ ከየት አግኝታ" አሉ። ቆይተውም፣ "ዋናው ራሷ መውሰዷ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ በእግሬ ነበር የምወስደው" አሉ። ከዚያ ስልኬን ሳይመልሱ ለልጃቸው ደወሉ፤ ቀን አስይዢልኝ አሏት። ከወዲያ በኩል መጋዘኑ ውስጥ የሚያልፉት ጋሪዎች ብቻ ይሰሙ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ሰኔ ላይ ሆነ። በዚያ ወቅት ሐኪም ቤቱ ከአንድ ጠያቂ በላይ አያስገባም፤ ልጅቱ ገባች፣ እኔ ፓርኪንጉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ስለ ቫልቭ ያነበብኩትን ሁሉ ጨርሼ ነበር፤ የሚሰማኝ ሰው ግን አልነበረም። እንደ አባቴ ልጅ ጸለይኩ። አምስተኛው ሰዓት ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ስእለትም አማረኝ። ተውኩት፤ ለማን እንደተሳልኩ በኋላ ማምታታቴ አይቀርም ብዬ ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ኮል አደረገችኝ። ወጥታለች፣ ደህና ናት አለች። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ያቺ ልጅ ምሳ በልታለች ወይ ብለው ጠየቁ አለችኝ። አልበላሁም ነበር። በልቻለሁ በያቸው አልኳት፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር።